ሞረድ

ከማገሩ መሀል አወረድሁት፤ ጥቀርሻ ለብሷል፣
ሸረሪት ከአፉ እስከ ቃታው ጋቢ ሸምኖለታል።
ባለ ሁለት አፍ ረሽ ነው፣ የአያቴ የሙሄ ጠመንጃ፤
ባቲ ገበያ በሁለት ግመል ለወጠው ይላሉ፣ እኔ እንጃ።
ሰደፉ ተሰንጥቆ በበሬ ጠፍር ታስሯል፣
ቃታው እንደ ሽማግሌ ጉልበት ሲነኩት ይንቋቋል።
ሙሄ ረሹን አንግቶ ሲያልፍ ውሻ እንኳ አይጮኽም ነበር፤
ይህ ነው አባቴ ሲነግረኝ የኖረው ነገር።

በአንሶላ ጠቅልዬ፣ የቀበሌውን ወረቀት ኪሴ ከትቼ
ከሐይቅ ደሴ ተሳፈርሁ፣ ጉልበቴ መሀል አስገብቼ።
"ምንድን ነው፣ ምሰሶ ነው?" አለ ረዳቱ። "የቤት ነው" አልሁት።
አልዋሸሁም፤ ቤታችን በሱ የቆመ ይመስለኝ ነበር እስከዚያ ዕለት።

ሸዋ በር፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ፣ ጋሽ ደርበው
መነጽሩን በክር ከጆሮው አስሮ አገላብጦ አየው።
"ዝጓል እንጂ አልሞተም።"
ላምባ በወተት ጣሳ ቀድቶ ብሎኖቹን ዘፈዘፈ፤
"ለዛሬ ይተኛ" አለ። ጦሳ ጉሙን አወረደ፣ ቀኑ አለፈ።

በማግስቱ እጅጌውን ሰብስቦ አፈሙዙን ፈተገ፣
በአመድ፣ በሽቦ ብሩሽ፣ በጨርቅ፣ ብረቱን ከዝገት ሥር ፈለገ።
ብቅ አለ፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የክረምት ዋዜማ ሰማይ፣
አንዲት ወፍም ነበረች፣ ቆቅ ትሁን ዳክዬ፣ ጎኑ ላይ።
ይህን ሁሉ ዘመን ከኛ ጋር ኖራ ማንም አላያትም።

"ይኼን ጠፍር ቁረጥና አዲስ ሰደፍ ሥራልኝ" አልሁት "ከዋንዛ"።
"ስንጥቁን በሙጫ እደፍናለሁ፤ ጠፍሩ ይቆይ፣ ወጪ አታብዛ።
የሰው እጅ ነው።"

በሦስተኛው ቀን መዶሻው ቆመ፤ ሬዲዮኑንም ዘጋ፣
ሁለቱን መምቻዎች መዳፉ ላይ ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ተጠጋ።
"ይኼ ዝገት አይደለም፤ ዝገት እንዲህ አይቆርጥም በልክ፣
ሰው ነው የሞረደው። አየኸው የሞረዱን መልክ?
አያትህ ስንት ዘመን ተሸከመው ይኼን ዱላ?"
"ሠላሳ ዓመት" አልሁ "ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ከሰው ፊት፣ ከሰው ኋላ።"

ለአክስቴ ለመዲና ደወልሁላት፤ ዶሮ ትቆጥር ነበር ሐይቅ።
"ደረሳችሁበት?" አለችኝና ቆየች ስትስቅ።

"ይማም ወንድሜ በውሃ ጠብ በተገደለ በአርባው፣
አበጋሮቹ ለማግስቱ ዋርካው ሥር ቀጥረው፣
አባቴ ሁለት ጥይት ራስጌው አኑሮ ተኛ።
ነቅተን ያደርን እናቴና እኔ፣ ሁለታችን፣ እኛ።
ማጭድ የምትስልበትን ሞረድ አቀበለችኝ፤
'ያንቺ ዓይን ይሻላል' አለችኝ።
ድምፁ እንዳይሰማው እሷ ታስላለች፣ እኔ እሞርዳለሁ፣
ሳሏ ሲያልቅባት እኔም እቆማለሁ።
ጎህ ሳይቀድ ወጣ፤ ወደ እነሱ ማሳ።
ፀሐይዋ ሳትሞቅ ተመለሰ፤ ጫማውን ፈታ፤ ምንም አላነሳ።
ቃታውን ስቦት ይሁን ሳይስበው እናቴ አልጠየቀችም፣
እሱም ማን እንደነካበት አልጠየቀም።
ከቀትር በኋላ ዋርካው ሥር ሄዶ ተቀመጠ፤ ደሙ ደረቀ።
ያወቀውን ግን አወቀ።
ከዚያ ወዲያ ረሹን ሳያነግት ከደጅ ወጥቶ አያውቅም፣ እስኪሞት።"
ዶሮዎቿን መቁጠር ቀጠለች፤ አንዷ ጎድላባት።

ጋሽ ደርበው ይጠብቀኛል፤ መዳፉን አላጠፈም ገና።
"መምቻ ልቅረጽለት? የአንድ ቀን ሥራ ነው" አለና
ዋጋውን ነገረኝ። አላስወደደም።
የአባቴ ፊት መጣብኝ። ምን እንደምለው አላውቅም።

"ወፏን ብቻ" አልሁት "ላባዋ እስኪለይ አጥራልኝ።"
ጥቂት አየኝ። መምቻዎቹን በክብሪት ቤት አድርጎ ሰጠኝ።

ወደ ሐይቅ ቁልቁል፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር፣
ኪሴ ውስጥ ያስላሉ።